ንግሥቲቱ ደክሟት ነው የተኛችው

እትዬ ብዙነሽ የሚለው ስም መታወቂያቸው ላይ የለም። ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ ቅዳሜ ከሰዓት በሰው መስኮት ላይ እንደ እርግብ ተደርድረን ቴሌቪዥን እናይ የነበርን የሰፈር ልጆች። አንዲት ሴት ብቻዋን ንጉሥ፣ ጠንቋይ፣ ሦስት ወታደር፣ የሚያነክስ ድብና በር የሚያንኳኳ ነፋስ ስትሆን ምን ተብላ ትጠራ? ብዙ ናት፤ ብዙነሽ አልናት፤ ጸደቀ። ዛሬ የገዛ ወንድማቸው እንኳ በዚሁ ስም ነው የሚጠራቸው። ዋናውን ረስቶት ይሁን እኛን ፈርቶ አይታወቅም።

ደመወዝ የሚበሉት ግን በታይፒስትነት ነበር። በቴሌቪዥን ጣቢያው ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ በማይዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ከአራት ሴቶች ጋር ሆነው የአለቆችን ደብዳቤ ይመታሉ። አመታታቸው ከባድ ስለነበር ከታች ያለው ዜና አንባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ መስሎት ሁለት ጊዜ ዜና አቋርጧል ይባላል። አንዱን ጊዜ እኔ ጨምሬው ሊሆን ይችላል።

ጣቢያው በዚያን ዘመን ከሩቅ አገር የልጆች ፊልም በነፃ ይላክለት ነበር። በነፃ የመጣ ነገር አይመረጥም። ፊልሞቹ የሚናገሩትን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በሕንፃው ውስጥ አልነበረም፤ እዚያው በተሠሩበት አገር መኖሩንም እንጠራጠራለን። ስለዚህ የፊልሙ ድምፅ ይዘጋና አንድ ሰው ማይክራፎን ይዞ፣ ሥዕሉን እያየ፣ የመሰለውን በቀጥታ ይተርካል። መጀመሪያ ይህን የሚሠራው ያው ዜና አንባቢ ነበር። «ዘንዶው ዛሬ ማለዳ እሳት መትፋቱን ምንጮች ገለጹ» ሲል እኛ መስኮቱ ላይ እንቅልፍ ይጥለናል።

አንድ ቅዳሜ የዜና አንባቢው ጉሮሮ ተዘጋ። የክፍሉ ኃላፊ ሰው ፍለጋ ሲሮጡ ከታይፒስቶቹ ክፍል የገዛ ራሳቸውን ድምፅ ሰሙ። በሩን ሲከፍቱ ወጣቷ ብዙነሽ ወንበር ላይ ቆማ፣ ሆዷን ነፍታ፣ የሳቸውን ንግግር እያደረገች ነው። ሌሎቹ ሴቶች ሳቃቸው እንደ ክዳን ተገጠመ።

«ጨርሰሻል?» አሉ ኃላፊው።

«አልቋል ጌታዬ።»

«እንግዲያው ውረጂና ተከተይኝ። እኔን የምታስመስዪውን ያህል ድቡን አስመስዪ።»

ከዚያች ቀን በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ቅዳሜ ከሰዓት የእሳቸው ሆነ።

ፊልሞቹን ዛሬ ላለ ልጅ ብታሳዩት ለሕፃናት መብት ይከሳችኋል። ቤተ መንግሥቱ ካርቶን ነው፤ ሰው ሲያልፍ ግንቡ ይተነፍሳል። ጨረቃዋ ውስጥ አምፖሉ ይታያል። ዘንዶው ጀርባው ላይ ዚፕ አለው፤ አንዴ ተከፍቶ የሰውዬው ሹራብ ብቅ ብሏል። ከሁሉም የምንወደው ግን «በራሪዋ ፍየል» የሚባለውን ነበር። ሠሪዎቹ ባለ ክንፍ ፈረስ አስበው አቅም አንሷቸው ይመስለኛል፣ ፍየል ላይ የዝይ ላባ ሰፍተው በገመድ ሰቀሏት። ፍየሏ ሰማይ ላይ ሆና ዞር ትልና የገዛ ክንፏን ትበላለች። ማንም ያንን ቦታ አልቆረጠውም። የቆረጠው ቢኖር ኖሮ እስከ ዛሬ ይቅር አንለውም ነበር።

አሁን ሳስበው ግማሹን ፊልም የምንሠራው እኛ ነበርን። ገመዱን እናየዋለን፤ አይተን ለፍየሏ ስንል ዝም እንላለን። ያሁኑ ፊልም ሁሉንም ጨርሶ፣ አበጥሮና ቀብቶ ይመጣል፤ ልጁ ቁጭ ብሎ ብስኩት ከመብላት በቀር ምንም ሥራ አልተረፈለትም። እኛ ግን ሥራ ነበረን። ፍየሏ እንዳትወድቅ ትንፋሻችንን ይዘን መሸከም ነበረብን።

አሁን ወደ አንድ ስህተት ልምጣ። የፍየሏ ፊልም ተጠቅልሎ በአራት ክብ ቆርቆሮ ነው የመጣው፤ በየክዳኑ ላይ ቁጥር አለ። የሚያጫውተው ቴክኒሺያን «ኢንጂነር» ይባላል፤ ይህን ስም ያወጣው ራሱ ነው። ደንቡ አንድ ቆርቆሮ ከፍቶ፣ አይቶ፣ ክዳኑን መልሶ ገጥሞ ሌላ መክፈት ነው። ኢንጂነር ግን ሰው ሆኖ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንድ ላይ ከፈታቸው። ሲከድናቸው ክዳን ለክዳን ተለዋወጡ።

በሦስተኛው ቆርቆሮ ውስጥ የልዑሉ እናት፣ ንግሥቲቱ፣ ትሞታለች። ነጭ ለብሳ ትቀበራለች፤ ልዑሉ በፍየሏ ላይ ሆኖ ጠንቋይቱን ፍለጋ ወደ ጨረቃ ይነሳል። በሁለተኛው ውስጥ ደግሞ ንግሥቲቱ ደህና ሆና ፖም ስትለቅም ፍየሏን ታገኛታለች። እንግዲህ አስቡት። በቀጥታ ሥርጭት፣ እትዬ ብዙነሽ «ንግሥቲቱ ሞተች» ብለው፣ በመስኮቱ ያለነው ልጆች ከንፈራችን ተንቀጥቅጦ፣ የቤቱ ባለቤት ሳይቀሩ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው ሳያበቁ፣ ቀጣዩ ቆርቆሮ ገባና ሟቿ ቅርጫት ይዛ ፈገግ እያለች ብቅ አለች።

ማይክራፎኑ ለስምንት ሰከንድ ዝም አለ። ከዚያ ድምፃቸው መጣ፤ «ልጆች፣ ንግሥቲቱ ለካ አልሞተችም! ደክሟት ነው የተኛችው!»

የሰፈሩ ጩኸት ጣራ አነቃነቀ። በአራተኛው ቆርቆሮ ላይ ንግሥቲቱ ጭራሽ አትታይም፤ እትዬ ብዙነሽ «ገበያ ሄዳለች» አሉ። ልዑሉ በመጨረሻ እናቱ መቃብር ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ «ከደስታ ብዛት ነው» አሉ። ያን ሳምንት ከልጆች የመጣው ደብዳቤ በጆንያ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ኢንጂነርን ሊቀጡት ጠርተው አመስግነው ሸኙት። ፊልሙ ዳግመኛ በታየባቸው አምስት ጊዜያት ሁሉ ክዳኖቹ እንደተለዋወጡ ነው የታየው፤ በጣቢያው ትእዛዝ።

ዓመታት ሄዱ፣ ጣቢያው ዘመነ፣ እትዬ ብዙነሽ ጡረታ ወጡ። ሁለት ክፍል ቤት አላቸው፤ ብቻቸውን ናቸው፤ ግን ብቻቸውን አይደሉም፤ ድስቱን በጠንቋይቱ ድምፅ ይቆጡታል፣ ለሻይ ማንቆርቆሪያው በንጉሡ ድምፅ ይመልሳሉ። በር ላይ ቆሞ የሚሰማ ሰው ቤቱ ውስጥ ስብሰባ ያለ ይመስለዋል።

ባለፈው ወር ኢንጂነር ደወለላቸው። ጣቢያው አሮጌ ፊልሞቹን ሲጥል እሱ የፍየሏን አራት ቆርቆሮ ቤቱ ወስዶ አልጋ ሥር አስቀምጦ ኖሯል። «ቅዳሜ ከሰዓት በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ላሳየው ነው፤ አንቺ ትተርኪያለሽ» አላቸው። እትዬ ብዙነሽ በደስታ ሰፈሩን ሁሉ ጠሩ። ከጠሯቸው አንዱ በዚያው ሳምንት ማክሰኞ የዕቃ ማጠቢያቸውን ሊጠግን የመጣ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። አጠራራቸው እንዲህ ሆነ።

ሰውዬው ከማጠቢያው ሥር በጀርባው ተኝቷል። እሳቸው ባትሪ ያበሩለታል። ውኃው አልቆም ሲል እትዬ ብዙነሽ ጎንበስ ብለው በወፍራም ድምፅ፣ «አንተ ክፉ ቧንቧ፣ መጥቼ እንዳልነክስህ!» አሉት።

ከሥር ግንባር ከብረት ሲጋጭ ተሰማ።

«ድቡ!» አለ ቧንቧ ሠራተኛው።

«ምነው፣ ተመታህ እንዴ?»

«እትዬ፣ የሚያነክሰው ድብ እርስዎ ነዎት እንዴ? እርስዎ ነዎት እትዬ ብዙነሽ?» ራሱን እያሻሸ ወጣ። አርባውን የተሻገረ፣ መላጣ፣ የልጅ ፊት ያለው ሰው ነው። «ወይኔ! እጅዎን ይስጡኝ፣ ልሳም!»

«ይልቅ ቅዳሜ ፍየሏን በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ እናሳያታለን፣ ና። እጄን ተው፣ ሳሙና ነክቶታል።»

«ይንካው! እርስዎ እኮ አሳድገውኛል። እናቴ ስትሞት ስድስት ዓመቴ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ፍየሏን አየሁ። ከዚያ ወዲያ ሊያጽናና ለሚመጣው ሰው ሁሉ 'ደክሟት ነው የተኛችው' እል ነበር። ሰው ያለቅሳል፣ እኔ አላለቅስም። ምን ያስለቅሰኛል? ትነሳለቻ!»

እትዬ ብዙነሽ ባትሪውን ማጥፋት ረሱ።

«አሁንም ጠቀመኝ እኮ» አለ እሱ መፍቻውን እየጠረገ። «አማቴ ከሁለት ወር በፊት አረፈች። ልጄ ደግሞ ከአያቷ ጋር ነበር የምትተኛው። የስድስት ዓመት ልጅ ምን ልበላት? ያንኑ አልኳት። 'አያትሽ ደክሟት ነው፤ ሐኪም ቤት ተኝታለች፤ ስትነቃ ትመጣለች።' እግዜር ይስጥልኝ፤ ከርስዎ የተማርኩት ነው።»

«ልጅቷስ ምን አለች?»

«ትጠብቃለቻ። ጠዋት ጠዋት የአያቷን ትራስ ታደላድላለች።»

«አንተስ?» አሉ እትዬ ብዙነሽ፤ በራሳቸው ድምፅ፤ በቀጭኗ። «እናትህ እንደማትነሳ በመጨረሻ ማን ነገረህ?»

ቧንቧ ሠራተኛው መፍቻውን አነሳ። «ማንም አልነገረኝም። አክስቴ የእናቴን ጫማ አድርጋ አየኋት።» ከዚያ ተመልሶ ከማጠቢያው ሥር ገባ፤ ከዚያም ሆኖ፣ «ቅዳሜ ልጄን ይዣት እመጣለሁ! እሷም ከባለቤቱ አፍ ትስማው!» አለ።

እትዬ ብዙነሽ ሁለት ቀን ምግብ አልገባላቸውም። ድስቱ ሳይሰደብ ዋለ። ሐሙስ ስልኩን አንስተው ለቧንቧ ሠራተኛው ደወሉ።

«እትዬ፣ ሌላ ቧንቧ ፈነዳ?»

«አይ፣ ደህና ነው» ብለው ዘጉት። የዘጠኝ ሰው ድምፅ ያላቸው ሴት አንዱንም ማውጣት አቃታቸው። ዓርብ ግን ኢንጂነር ቤት ሄዱ።

«ፊልሙን በትክክለኛው ተራ አጫውት» አሉት።

«አበድሽ? ሰው የሚመጣው ለስህተቱ ነው!»

«ስህተቱ ይቅር።»

«የማን ስህተት ይቅር? የኔ እኮ ነው! ሠላሳ አምስት ዓመት ሠርቼ ሰው የሚያስታውስልኝ አንድ ነገር እሱ ነው። በቀብሬም ላይ 'ክዳን የለዋወጠው' ብለው ይጻፉልኝ ብዬ ለልጆቼ ተናዝዣለሁ!»

«አንዲት ሕፃን በየጠዋቱ ትራስ ታደላድላለች» አሉና ነገሩን ሁሉ ነገሩት። ኢንጂነር ሰምቶ ሲያበቃ አልጋው ሥር ገባ፤ ብዙ ቆየ። ሁለቱን ክዳኖች ለዋውጦ እንደ አዲስ ገጥሟቸው ወጣ። «ድሮም ክብደታቸው ይለያያል» አለ እያኮረፈ፤ «ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ያስተውለው ነበር።»

ቅዳሜ አዳራሹ በመላጣና በሽበት ተሞላ። አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ራሳቸው ከፊት ተቀመጡ። እትዬ ብዙነሽ ለቧንቧ ሠራተኛው በሩ ላይ ሊነግሩት ቆመው ነበር፤ እሱ ግን አርፍዶ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ ልጁን ተሸክሞ እየሮጠ ገባና የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ማሽኑ መሽከርከር ጀመረ።

የመጀመሪያው ቆርቆሮ በሳቅ አለፈ። ግንቡ ሲተነፍስ አብረን ተነፈስን። ሁለተኛው ገባ፤ ንግሥቲቱ ፖም ትለቅማለች፤ ከኋላዬ አንዱ «ኧረ ኢንጂነር ተሳሳተ!» አለ፤ አዳራሹ አጉተመተመ። ፍየሏ ክንፏን ስትበላ ግን ሁሉም ይቅር ተባባለ። ሦስተኛው ተጀመረ። ንግሥቲቱ አልጋ ላይ ናት፤ ልዑሉ እጇን ይዟል፤ እጇ ወደቀ።

እትዬ ብዙነሽ ማይክራፎኑን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

ያኔ መቶ የሚሆን መላጣ ሰው በአንድ ድምፅ፣ እየሳቀ፣ «ደክሟት ነው የተኛችው!» ብሎ ጮኸ። ጣራው አልተነሳም እንጂ ተንቀሳቅሷል። የቧንቧ ሠራተኛው ጩኸት ከሁሉም ጎልቶ ይሰማል። ልጁም ጭኑ ላይ ሆና ታጨበጭባለች።

«አይደለም» አሉ እትዬ ብዙነሽ በማይክራፎኑ። «አይደለም ልጆች። ያኔ ዋሽቻችሁ ነው፤ ደንግጬ። ንግሥቲቱ ሞታለች።»

ሳቁ ቆመ። ከኋላ አንዲት ቀጭን ድምፅ፣ «ስትነቃስ?» አለች።

«አትነቃም የኔ ልጅ።»

«አባዬ፣» አለች ድምፂቱ፤ አዳራሹ ሁሉ ይሰማል፤ «አያቴስ?»

ኢንጂነር ማሽኑን አቆመ። ማንም አልዞረም፤ ሁላችንም ጫማችንን ማየት ጀመርን። አባትየው ጆሮዋ ላይ ጎንበስ አለ። የተናገረውን አልሰማንም፤ አጭር ነበር። ልጅቷ አለቀሰች፤ እንደጠፋ ልጅ ሳይሆን እንደሚያዝን ሰው። አቅፏት ወጣ። ሲወጣ እትዬ ብዙነሽን ያያቸው አስተያየት ለኔ ቢሆን ኖሮ ከተማ እቀይር ነበር። አራተኛው ቆርቆሮ በዚያ ቀን አልታየም።

ማክሰኞ የእትዬ ብዙነሽ በር ተንኳኳ። ቧንቧ ሠራተኛው ነው፤ መሣሪያ አልያዘም፤ ልጁን በእጁ ይዟል። ተቀመጥ ሲሉት አልተቀመጠም።

«እኔ ልነግራት የሚገባኝን በሰው ፊት ነገሯት» አለ።

«እውነትህን ነው።»

«ደውለው ነበር እኮ! ቧንቧ ፈነዳ ስልዎት ደህና ነው ብለው ዘጉ!»

«ፈርቼ ነው።»

«ሦስት ቀን አለቀሰች።»

«አንተስ?»

ሰውዬው ጣሪያውን አየ። «እኔ ገና አልጨረስኩም» አለ። «የመጣሁት ግን ለዚህ አይደለም። መጨረሻውን ካላየሁ ብላ ቤቱን አመሰችው። የርስዎ ጥፋት ነው፤ ይጨርሱላት።»

«ማሽኑ ኢንጂነር ጋ ነው።»

«በአፍሽ ንገሪኛ» አለች ልጅቷ። ወንበሩን ራሷ ስባ ወጣች። ትራስ ያደላደሉ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «አባዬ ፍየሏ ጨረቃ ላይ እስክትደርስ ነግሮኛል። ከዚያ በኋላ ነው የማላውቀው።»

እትዬ ብዙነሽ ከፊቷ ተቀመጡ። ጠንቋይቱን አሸነፉ፤ አምፖሉን አጠፉ፤ ፍየሏን በገመዷ ላይ አዙረው ወደ ቤት መለሷት። ወጋቸው ሞቀ፤ የድሮ ልማድ ምላሳቸውን ይዞ ሮጠ። «ልዑሉም ከሩቅ ቤተ መንግሥቱን አየ፤ እናቱም በመስኮት ብቅ ብላ...»

«ሞታለች እኮ!» አለች ልጅቷ።

«አዎ፤ ይቅርታ፤ ሞታለች። እንግዲያው መስኮቱ ላይ...»

«ማንም የለም በይ።»

እትዬ ብዙነሽ አባትየውን ቀና ብለው አዩት። በሩ ላይ እንደቆመ ነው፤ አፉን በመዳፉ ይዞታል።

«መስኮቱ ላይ ማንም የለም» አሉ።

«እሺ» አለች ልጅቷ። «ፍየሏ ግን ርቧታል። አሁን የምታበላት እናቱ አይደለችም፣ ልዑሉ ነው። ቀጥዪ።»

አባትየው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።